ቆዳው ድንበር ሳይደርስ

በዓል ባለፈ ማግስት አዲስ አበባ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው የበግ ቆዳ መራመጃ ያሳጣዋል። ከአጥር ሥር፣ ከቆሻሻ ገንዳ ጎን፣ ከቦይ አፍ ላይ፣ ጸጉሩ ወደ ታች ሆኖ የተጣለ፣ ዝንብ የወረረው ቆዳ ነው። በዕድሜ የምንቀራረብ አንባቢዎች ሌላውን ዘመን እናስታውሳለን። በጉ ተገፍፎ ሳያልቅ ቆዳ ገዢው ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከበር ይጣራ ነበር። እናቶች ዋጋ ይከራከሩ ነበር። በቆዳው ገንዘብ የአራጁ ዋጋ ይሸፈናል፣ ወይም ለዘበኛው ጉርሻ ይሆናል፣ ወይም የበዓሉ ቡና ይገዛበታል። ዛሬ የሚከራከር የለም። አራጁም ቢሆን "ቆዳውን ውሰደው" ሲባል ፊቱን ያዞራል።

የሚያስቆጨው ሀብቱ እያለን መሆኑ ነው። በከብት ብዛት ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ይፋዊ የናሙና ጥናት መሠረት 70 ሚሊዮን ገደማ የዳልጋ ከብት፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ በግ፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል ነበራት። ቆዳና ሌጦ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ጥራቱም ተራ አልነበረም። የደጋችን በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ፣ ሲስቡት ተለጥጦ የሚመለስ በመሆኑ ጓንት ሠሪዎች አጥብቀው ይፈልጉታል፤ የጎልፍ ተጫዋቾች ከሚያጠልቁት ስስ ጓንት መሥሪያዎች አንዱ ይኸው ነው። በ1826 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የእንግሊዙ ፒታርድስ ኩባንያ ለረጅም ዘመን ከዚህ አገር ሌጦ ሲገዛ ኖሮ፣ በኋላ ራሱ መጥቶ ከቆቃ አጠገብ ኤጀርሳ ያለውን ቆዳ ፋብሪካ እስከ መያዝ የደረሰው ለዚሁ ሲል ነው።

እንዲህ የሚፈለግ ዕቃ እንዴት ቦይ ውስጥ ይገባል? ይህን ጥያቄ ለጠየቃችሁት ሁሉ መልሱ ምላሱ ላይ ነው። ነጋዴው "ግብሩ ገደለን" ይላል። ባለፋብሪካው ዶላር ጠፋ ይላል። ሹሙ የጥራት ጉድለት ያነሳል። ታክሲ ነጂው ነገሩን በፕላስቲክ ጫማ ያሳብባል። ሁሉም የእውነት ቁራጭ ይዟል። እኔ ግን ስለ ዘርፉ የተጻፉትን ጥናቶች ሳገላብጥና ራሴም መጠይቅ ይዤ በተንከራተትኩበት ጊዜ ያየሁትን ሳስታውስ፣ ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ፖሊሲውም ጥናቱም ዓይናቸውን የተከሉት ድንበሩና የፋብሪካው በር ላይ ነው። የቆዳው ዕጣ የሚወሰነው ደግሞ ከቢላዋ እስከ ጨው ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው።

ከፖሊሲው ልጀምር። በ2000 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ በጥሬውና በከፊል ተዘጋጅቶ ወደ ውጭ በሚላክ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ ግብር ጣለ። መቶ ብር የሚያወጣ ሌጦ የሚልክ ሰው መቶ ሃምሳ ብር ለመንግሥት ይከፍላል ማለት ነው። ግብር መባሉ ለወጉ ነው እንጂ ክልከላ ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ግብር ክረስት ወደሚባለው፣ ማለትም ተለፍቶ ደርቆ ማጠናቀቂያ ብቻ ወደ ቀረው ቆዳ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ በሩ የተከፈተው ላለቀለት ቆዳ፣ ለጫማ፣ ለቦርሳና ለጓንት ብቻ ነበር።

ይህን ሐሳብ ያፈለቁትን ሰዎች ከሚያላግጡባቸው ወገን አይደለሁም። ጥሬ ቆዳ በርካሽ ልኮ ጫማ በውድ መግዛት የሚያንገበግብ ነገር ነው። መንገዱም ያልተሞከረ አልነበረም። ሕንድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥሬ ቆዳ ንግዷን ዘግታ በከፊል የተለፋውንም በኮታና በግብር አጥብባ፣ ከጊዜ በኋላ ከዓለም ትላልቅ የቆዳና የጫማ አምራቾች ተርታ ገብታለች። የእኛው የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት የተጣመረውም ቼናይ ካለው የሕንድ ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ተቋም ጋር ነው። ያ ተቋም ግን የተመሠረተው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ሕንድ በሯን ስትዘጋ ከጀርባዋ ሩብ ምዕተ ዓመት የሠራ ምርምር፣ ሰፊ የአገር ውስጥ ገበያና ቆዳን ሙያዬ ብሎ የሚኖር ሕዝብ ነበራት። እኛ መዝጊያውን ቀድተን የቀረውን በኋላ እናሟላለን አልን።

ከመዝጊያው ሥር አንድ የኢኮኖሚ ስሌት ነበር፤ ሲሰሙት ያሳምናል። በግ የሚታረደው ለሥጋው ነው፤ ለቆዳው ተብሎ የሚታረድ በግ የለም። ስለዚህ ግብሩ የቆዳን ዋጋ ቢያወርደው እንኳን ፋሲካ ሲመጣ በጉ ይታረዳል፣ ቆዳውም ወደ ፋብሪካ ይመጣል። አቅርቦቱ አይቀንስም፤ የሚጎዳ የለም፤ ቢኖርም ጥቂት ደላላ ነው። የሚታረደውን በግ ለሚቆጥር ሰው ስሌቱ ትክክል ነው። የታረደው በግ ቆዳ ግን ሳይቀደድ መገፈፉ፣ ሳይሸት ጨው ማግኘቱ፣ ከየጓሮው ተለቅሞ መሰብሰቡ በዋጋ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሰው ለበጉ ሥጋ ሲል ያርዳል፤ ለቆዳው ሲል የሚጠነቀቀው ጥንቃቄው የሚከፍለው ከሆነ ብቻ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለው ተረት እንዲህ በቦታው የገባበት ፖሊሲ አላውቅም።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት መረጃ ስሰበስብ ከቆዳ ነጋዴዎች ጋር ብዙ ተቀምጫለሁ። አንደኛው ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰው ነበሩ። መጋዘናቸው ውስጥ በጨው ከረጢት ላይ አስቀመጡኝ። ወለሉ በጨው ውኃ ርሶ ያዳልጣል፤ ሽታው ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተላል። እሳቸው ሽታውን ከረሱት ቆይተዋል። መጠይቄን እያነበብኩ ሳለ ከክምሩ ላይ አንድ ሌጦ መዘዙና የሥጋ ወገኑን ወደ ላይ አድርገው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። በአውራ ጣታቸው ከጎኑ አካባቢ ዳበሱና ብርሃን ወደሚገባበት አነሱት። ረጅም የቢላዋ ጭረት ነበር፤ አላለፈም፣ ግን ለማለፍ ትንሽ ነው የቀረው።

"ይኸውልህ ልጄ፣ ይህን የገፈፈው ሰው ቸኩሏል" አሉኝ። "ሆዱንም ሲቀድ ከመሐሉ ስቷል። ይኸው አንዱ ጎን ሰፊ፣ አንዱ ጎን ጠባብ። ጓንት ቆራጩ ይህን ሲያይ ምን ይላል?"

ሁለተኛውን አነሱ። ይህኛው ሲያዩት እንከን የለውም፤ ቅርጹም የተስተካከለ ነው። ጸጉሩን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት ግን ያለ ምንም ትግል እጃቸው ላይ ቀረ። ጨው ሳያገኝ ያደረ ነበር፤ ከውስጥ መበስበስ ጀምሯል። ፋብሪካ ገብቶ ኖራ ሲነካው የላይኛው ገጽ ተልጦ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚያድነው ኬሚካል የለም።

መጠይቁ ላይ የነበረው ቀጣይ ጥያቄ ለጥሩና ለመጥፎ ሌጦ የሚከፍሉትን የዋጋ ልዩነት ይጠይቃል። "ጋሼ፣ ለዚህኛውና ደህና ሆኖ ለመጣው ስንት ስንት ይከፍላሉ?" አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው የንቀት አልነበረም፤ ልጅ ሲሳሳት የሚሳቅ ሳቅ ነው።

"በቁጥር ነው የምንገዛው። ፋብሪካውም ከእኔ የሚገዛው በቁጥር ነው። ለጥሩው ጨምሬ ብከፍል ጭማሪውን ለእኔ ማን ይሰጠኛል?"

በመጠይቁ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ሳጥን አልነበረውም። የዘርፉ ዋና ጉዳይ ግን ይኸው ይመስለኛል። በጥንቃቄ የገፈፈና የበሳሳው እኩል ዋጋ ያገኛሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨው የነሰነሰውና አሳድሮ ያመጣው እኩል ናቸው። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ መጠንቀቅ ሞኝነት ነው፤ ሞኝ ደግሞ በንግድ ብዙ አይቆይም።

ፋብሪካውን ለምን ለይተህ አትከፍልም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እሱም የራሱ ምክንያት አለው። የበግና የፍየል ሌጦን ክፉኛ ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ በተለምዶ እከክ የሚባለው ነው፤ ቅማልና የበግ መዥገር መሰል ተባዮች ከእንስሳው አካል ላይ የሚያመጡት ጉዳት። የዚህ ጉዳት ክፋቱ በጸጉሩ ሥር መደበቁ ነው። ሌጦው በገዢው እጅ ሳለ ምንም አይታይም። ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ሲወልቅ ነው ነጠብጣቡ እንደ ችፍታ የሚወጣው። ባለፋብሪካው እያንዳንዱን ሌጦ የሚገዛው ውስጡን ሳያይ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ይጠራጠራል፣ ለሁሉም የአማካዩን ዋጋ ይከፍላል። አማካይ ዋጋ ሲከፈል ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ይጎዳል፣ ቀስ በቀስም ጥሩ ዕቃ ማቅረብ ይተዋል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ውስጥ ይህን በአሮጌ መኪና ምሳሌ ነው የሚያስተምሩት። እኛ አገር በሌጦ ቢያስተምሩት የበለጠ በገባን ነበር።

ወደ ገበሬው እንውረድ። እከክን መከላከል ይቻላል፤ በግን በመድኃኒት መንከር ወይም መርጨት በአማራና በትግራይ ክልሎች በዘመቻ ተሞክሮ ጥቅሙ ታይቷል። ዘመቻው ሲያልቅ ግን መድኃኒቱን ማን ይግዛ? ገበሬው በጉን የሚሸጠው በሕይወቱ፣ በበዓል ገበያ ነው። ገዢው ወገቡን ዳብሶ፣ ላቱን ጨብጦ፣ ጥርሱን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። የሌጦውን ጤንነት የሚጠይቅ በግ ገዢ አይቼ አላውቅም። ለመድኃኒቱ የወጣው ገንዘብ ተመልሶ የሚገኘው ከብዙ እጅ በኋላ፣ ምናልባትም ጣሊያን አገር ነው። ገበሬው ጣሊያን አይሄድም።

ሌላም ነገር አለ፤ ስለ ኢንዱስትሪ ስትራቴጂ በሚጻፉ ወረቀቶች ላይ እምብዛም የማላየው፣ አራጅ ሁሉ ግን የሚያውቀው። እርሱም የቀን መቁጠሪያችን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የክርስቲያኑ ቤት ቢላዋ አይሳልም፣ ሌጦ እንደ ጤፍ በክረምት ይጠፋል። ፋሲካ ሲነጋ በአንድ ቀን ጎርፍ ይሆናል። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ አረፋ፣ ሁሉም እንዲሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያወርዱታል። ያን ጎርፍ ለመቀበል ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ በአንድ ሳምንት የሚፈስ ጥሬ ገንዘብ፣ የጨው ክምችትና ሰው። ባንክ ብድር የሚፈቅደው ደግሞ በራሱ ሰዓት ነው። ነጋዴው ለፋሲካ የጠየቀው ብድር ለግንቦት ልደታ ሲደርስለት ሌጦው ቀድሞ ተቀብሯል። እኔ ብሆን የዚህን ዘርፍ የብድር ፖሊሲ የሚያወጣው ኮሚቴ ውስጥ አንድ ቄስና አንድ ሼክ እጨምር ነበር። ይህ ቀልድ ነው፤ በጣም ቀልድ ግን አይደለም።

ግብሩ ከተጣለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የሆነው ነገር ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። የሌጦ ዋጋ ወድቆ አልቀረም። ጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለከል "ጥሬ ዕቃው እንግዲህ የእኛ ነው" ብለው የገቡ ፋብሪካዎች በዙ፤ አቅማቸው ተደምሮ አገሪቱ ልትሰበስብ ከምትችለው ሌጦ በላይ ሆነ። ስለዚህ ተሻሙበት፣ ዋጋውም ሰማይ ወጣ። ያ ጊዜ ለጥራት ጥሩ ዕድል መሆን ነበረበት፤ ሽሚያው ግን የባሰ አበላሸው። ሌላው እንዳይቀድመኝ የሚል ገዢ ምርጫ አያበዛም፤ የተቀደደውንም የሸተተውንም አፋፍሶ ይሄዳል። አራጁ ከዚያ ዘመን የተማረው ትምህርት ማንኛውም ቆዳ እንደሚሸጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወረደ። ዓለም ወደ ስፖርት ጫማና ወደ ሰው ሠራሽ ቆዳ ዞረች። የጥሬ ቆዳ ዋጋ በየአገሩ ተንኮታኮተ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እንኳን ገዢ ያጡ የከብት ቆዳዎች ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዱ ነበር። እኛ ጋ በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ተጨመረ። ቆዳ ማልፊያ ክሮምና ሌሎች ኬሚካሎች የሚገዙት በዶላር ነው፤ ዶላር የጠበቀ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋበትን ከበሮ አቁሞ ይጠብቃል፤ የቆመ ፋብሪካ ሌጦ አይገዛም። ኮቪድ መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ የቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች። ፒታርድስ ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከስሮ በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ስለዚህ ቦይ ውስጥ ላለው ሌጦ ሁሉ አዋጁን ተጠያቂ የሚያደርግ ሰው ሲያጋጥመኝ አልስማማም። አዋጁ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሌጦው የሚሄድበት ሌላ መንገድ እንዳይኖር አደረገ። ፋብሪካው ሲቆም ነጋዴው ጨው ነስንሶ፣ አድርቆ፣ ወይም በክረስት ደረጃ አቆይቶ ለሌላ አገር ገዢ የሚሸጥበት ቀዳዳ አልነበረም።

ስለ ክረስቱ ትንሽ ልበል፤ የንግድ ስትራቴጂና ፖሊሲ ጀርባ ለጀርባ የቆሙበት ቦታ ስለሆነ። ባለሥልጣን ሲያስበው ያለቀለት ቆዳ ከክረስት ይበልጣል፣ ስለዚህ ፋብሪካውን ወደዚያ ግፋው። ገዢው የሚያስበው ግን በወቅት ነው። የአንድ ፋሽን ዘመን ቀለም ምን እንደሚሆን፣ ቆዳው ይንጸባረቅ ወይስ ይደብዝዝ፣ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ጣሊያናዊው ፋብሪካ ክረስት ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ቀለሙ ሲታወቅ በቀናት ውስጥ አጠናቅቆ ለጫማ ሠሪው ያደርሳል። ሞጆ ያለ ፋብሪካ ቀለሙን ሰምቶ፣ ኬሚካሉን ለማዘዝ ዶላር ተሰልፎ፣ ሠርቶ፣ በጅቡቲ አሳልፎ እስኪልክ ድረስ ፋሽኑ አርጅቷል። ማጠናቀቅ ማሽን ብቻ አይደለም፤ ለገዢው ሱቅ ቅርብ መሆንን ይጠይቃል። 150 በመቶ ግብር ርቀትን አያሳጥርም።

ቁጥሩም ይህንኑ ተናገረ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ማብቂያ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ከቆዳና ከቆዳ ውጤቶች ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ይገኛል ተብሎ ነበር። የተገኘው 130 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚያው 2015 እ.ኤ.አ. አርከበ ዕቁባይ ሲሚንቶን፣ አበባንና ቆዳን ጎን ለጎን ያጠኑበትን መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከመንግሥት ውስጥ ሆነው ፖሊሲውን ከሚያንቀሳቅሱት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩና፣ ቆዳን ከሦስቱ ደካማው አድርገው ማስቀመጣቸው ክብደት አለው።

ከአበባ ጋር ማነጻጸሩን እወደዋለሁ፤ የሚያስተምረኝ ግን ብዙ ጊዜ ከሚባለው ሌላ ነገር ነው። አበባ መሬት፣ የባንክ ብድርና የአየር መንገድ ጭነት ተመቻቸለት፤ ስለዚህ አደገ ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን አበባው ከዘር እስከ ሣጥን በአንድ አጥር ውስጥ ነው የሚያድገው። ዝዋይም ሆነ ሆለታ ያለው ባለ እርሻ ጽጌረዳው ቢጠወልግ የከሰረው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል። የሌጦ "እርሻ" ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ጓሮ ነው። ለአንዱ የሠራ የድጋፍ ዓይነት ለሌላው ተቀድቶ ሲሰጥ ፋብሪካው ጋ ደርሶ ይቆማል፤ ከፋብሪካው ወደ ጓሮው የሚያሻግረው ድልድይ የለም።

ጥናት የሚያጠኑ ጓደኞቼ እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ጥናትም ያው በሽታ አለበት። ፋብሪካ በር አለው፣ ታፔላ አለው፣ ስልክ አለው፣ የሒሳብ መዝገብ አለው። ተመራማሪው ደብዳቤ ይዞ ሄዶ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ መረጃ ይዞ ይመለሳል። ለፋሲካ ብቻ ቢላዋ ይዞ ከሰፈር ሰፈር የሚዞረውን ወጣት ግን በየትኛው ዝርዝር ውስጥ ታገኘዋለህ? ቆዳ ሰብሳቢው ጆንያ እንጂ ንግድ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ የእሴት ሰንሰለት ተብሎ በሚሳለው ሥዕል ላይ የመጀመሪያው ሣጥን ሁልጊዜ ጠባብ ነው፤ "ሰብሳቢዎች" ተብሎ ይጻፍበትና ቀስቱ ወደ ፋብሪካው ይሮጣል። ከዚያ ምክረ ሐሳብ ሲጻፍ ለፋብሪካው ብድር፣ ለፋብሪካው ሥልጠና፣ ለፋብሪካው ማሽን ይሆናል። ለመጀመሪያው ሣጥን ብዙ ጊዜ የሚተርፈው "ግንዛቤ ማስጨበጥ" ነው። አራጁ ግንዛቤ አላጣም። መጠንቀቅ እንደማይከፍል አሳምሮ ያውቃል።

ከዚህ ልማድ የወጡ ጥናቶችም አሉ። የጃፓን ኢኮኖሚስቶች የተሳተፉበት አንድ ቡድን የአዲስ አበባን ጫማ ሠሪዎች አጥንቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ለእኔ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእኛ 1990ዎቹ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሰው የአገር ውስጡ ጫማ አበቃለት ብሎ ነበር። በጠባብ ክፍል ውስጥ ማስቲሽ እየሸተቱ የሚሠሩት ጫማ ሠሪዎች ግን ጥራታቸውን አሻሽለው፣ ሞዴል ቀይረው፣ ገበያቸውን መልሰው ያዙ። የቻይናው ጫማ በውኃ ሲበታተን ያየ ሰው ወደ እነሱ ተመለሰ። እነዚህን ሰዎች ያዳናቸው አዋጅ አልነበረም። ሰፍቶ የሰጠህን ጫማ ሲገነጠል ይዘህለት የምትመለስበት ገበያ ስለሆነ፣ ጥንቃቄያቸው በቀጥታ ይከፍላቸው ነበር። በኋላ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ጥሩ ቆዳ ለውጭ ገበያ እየተባለ አጥተው ሲያማርሩ መሰማታቸው የፖሊሲውን ሌላ ገጽ ያሳያል።

ነገሩ ይህ ሆኖ ሳለ ክርክሩ ሲሽከረከር የኖረው ግብሩ ይነሳ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ነው። እኔ በክረስት ላይ የተጣለው መላላቱን እደግፋለሁ፤ ለፋብሪካዎቹ መተንፈሻ ይሆናል፣ ሥራውም እዚሁ ይቀራል። ጥሬውን መክፈት ግን ብቻውን ብዙ አያደርግም። በቁጥር የተገዛ የተቀደደ ሌጦ ጥሬውን ሆኖ ቢወጣም የተቀደደ ነው። ፋብሪካዎቹም በአካባቢ ጉዳይ ያልተወራረደ ሒሳብ አለባቸው፤ የሞጆ ወንዝ ይዞት ወደ ቆቃ ሐይቅ የሚወርደውን የፋብሪካ ፍሳሽ የሚያውቅ ሰው ብዙ ፋብሪካ ይከፈት ብሎ በባዶ ሜዳ አይጮህም።

ገንዘብና ሥልጣን ያለው ሰው ቢጠይቀኝ የማቀርብለት ትንሽ ሙከራ ነው። አንድ ክፍለ ከተማና አንድ ፋሲካ ይበቃሉ። በየቀጠናው ጨው የያዘ መረከቢያ ይቁም። ሌጦው በደረሰበት ሰዓት፣ በቢላዋ ጭረቱና በቅርጹ በሦስት ደረጃ ይለይ፣ ክፍያው ለአራጁ እዚያው በቴሌብር ይግባለት፤ በአንደኛና በሦስተኛ ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት አራጁ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ይሁን። በአጎራባቹ ክፍለ ከተማ እንደ ወትሮው በቁጥር ይገዛ። ሁለቱም ምልክት ተደርጎባቸው ወደ አንድ ፋብሪካ ይግቡ፤ ጸጉራቸው ወልቆ ሲለፉ ስንቱ ለጓንት፣ ስንቱ ለገበር፣ ስንቱ ለመጣያ እንደሆነ ይቆጠር። ለእከኩ ይህ መፍትሔ አይሆንም፤ እሱ ከበጉ ባለቤት ይጀምራል፣ ሌላ ሙከራ ይፈልጋል። ለቢላዋውና ለጨው ግን መልሱን ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት እናውቀዋለን፤ እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊትም ዋጋውን አስተካክሎ ሁለተኛ ዙር ለመሞከር ጊዜ አለ።